ለሠርግ የተገለበጠ ኮት

የዓይን ሐኪሟ ዓይኔን ገልጣ ብዙ ካየችኝ በኋላ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ባይሰፉ ይሻላል» አለችኝ። ልጅቷ በትሕትና ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን ነደደኝ። ኮልፌ ቁጭ ብሎ ጥቁር የማይነካ ልብስ ሰፊ ምን ሊሰፋ ነው? ለቅሶው ጥቁር፣ የባንክ ሠራተኛው ሱሪ ጥቁር፣ የሚዜው ኮት ጥቁር። «እንግዲያው ነጭ ነጩን ብቻ አምጡልኝ ብዬ በሬ ላይ ልለጥፋ!» ብያት ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ንዴቴ በረደና ፍርሃት ገባኝ። ከመርፌ ሌላ የማውቀው ነገር የለማ! ብዙም ሳልቆይ ሱቁን ለአከራዩ አስረክቤ፣ የስፌት መኪናዬን በአንሶላ ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ገባሁ እንጂ መች አስቀመጡኝ! የሰፈሩ ልጆች ስልካቸውን እየያዙ ይመጣሉ። «እትዬ ብርቄ፣ እንደዚች ልጅ መልበስ ፈልጌ ነበር፤ ብር ግን የለም» ይሉኛል። ብር ለምን አስፈለገሽ? ሰልባጅ ተራ ሂጂ እላለሁ። ቀለሙን ተዪና መጀመሪያ ትከሻውን እዪ። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ሱሪ ይቆረጣል፤ ትከሻው የሰፋ ኮት ግን ራስ ምታት ነው፣ ለሰፊውም ለለባሹም። ከዚያ ጨርቁን በጡጫሽ ጨብጪና ልቀቂው፤ ተጨማዶ ከቀረ መልሰሽ ስቀዪው። ቁልፎቹን ቀይሪ፣ የውስጡን ፎደራ አስለውጪ፣ የቦንዳው ሽታ ያለው እሱ ላይ ነው። የሱሪሽ ጫፍ ጫማሽ ላይ አይከመር። ይህን ሁሉ አድርገሽ ያላማረብሽ እንደሆነ እኔ እዚሁ ነኝ፣ መጥተሽ ስደቢኝ።

እንዲህ እንደ አዋቂ የምናገረው ሁሉ ልፋት ያስተማረኝ ነው። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ግን የማልረሳው አንድ እሑድ ጠዋት አለ። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ሥራ የጀመርኩት ጦር ኃይሎች አካባቢ፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ነው። አለቃችን ወይዘሮ ጥሩነሽ ይባሉ ነበር፤ ድምፃቸው ከመኪናዎቹ ሁሉ ጩኸት በላይ ይሰማል። እኔ ኮሌታ ብቻ ነበር የምሰፋው። ጠዋት ኮሌታ፣ ከሰዓት ኮሌታ። እጅጌ የምትሰፋዋን ልጅ እንደ ሹመኛ ነበር የማያት። ደሞዙ ለታክሲና ለሽሮ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ። አንድ ቀን አንዲት እናት ዩኒፎርሙ ውስጥ የጠፋ ልጇን ይዛ መጣችና «እባካችሁ አጥብቡልኝ» አለች። ወይዘሮ ጥሩነሽ «ሲያድግ ይሞላዋል!» ብለው አባረሯት። እኔ «እስኪያድግ በጆንያ ይሂድ?» አልኩ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። በዚያው ቀን ከመኪናው ላይ ተነሺ ተባልኩ።

ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጅ ሆነው ከካፋ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው። ራሳቸው የሚለብሱት ሁሉ ሰልባጅ ነው፤ በመንገድ ሲያልፉ ያየ ግን ከኤምባሲ የወጡ ይመስለዋል። ሥራ ፈልጌ ስመጣ እጄን ተቀብለው ጣቶቼን አዩና «ኮሌታ ስትሰፊ ኖረሻል» አሉኝ። አውራ ጣቴ ላይ ያለውን የካውያ ጠባሳ አይተው ነው፤ ኮሌታ ሲገለበጥ ጫፉን በጣት ይዘው ሲተኩሱ የሚመጣ ቃጠሎ ነው።

ጋሽ መኩሪያ መቀስ ይዘው አይናገሩም። መናገር ካለባቸው መቀሱን ያስቀምጣሉ፣ ተናግረው ሲጨርሱ መልሰው ያነሡታል። ደንበኛ ሲመጣም ሜትር ቀድመው አያወጡም። «ይህን ልብስ ለብሰህ ምን ልታደርግ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰውየው «ምን አደርጋለሁ፣ እለብሰዋለሁ እንጂ» ካለ ይቆጣሉ። ሹፌር ከሆነ መሪ እንደያዘ ሆኖ ክንዱን ይዘረጋል። አስተማሪ ከሆነ ባዶ ግድግዳ ላይ በጣቱ ይጽፋል። የምታጠባ እናት ከሆነች ትራስ ያሳቅፏታል። መንገደኛው በር ላይ ቆሞ ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ምን ዓይነት ቤት ገባሁ እያልኩ ነበር። በኋላ ሳስተውል ግን ከእሳቸው እጅ የወጣ ልብስ ብብቱ ሥር ተተርትሮ ሲመለስ አላየሁም።

ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ሙያ ኮት መገልበጥ ነው። ጥሩ ሱፍ ውጩን ፀሐይ በልቶት ቢነጣም ውስጡ እንደ አዲስ ነው። ኮቱ በምላጭ ስፌት በስፌት ይፈታል፣ ቁርጥራጩ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ የውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ እንደገና ይሰፋል። ሌላ ኮት መግዛት ቀረ ማለት ነው። ግን ጣጣ አለው። የወንድ ኮት የደረት ኪስ በግራ ነው አይደል? ሲገለበጥ ወደ ቀኝ ይዞራል። አቆላለፉም እንደ ሴት ልብስ ይሆናል። የሚያውቅ ሰው ከሩቅ አይቶ «የተገለበጠ ነው» ይላል፤ ድህነትህን አወጀብህ ማለት ነው። ጋሽ መኩሪያ ለዚህ መላ አላቸው። በስፌቱ ውስጥ ታጥፎ ከተደበቀው ትርፍ ጨርቅ ላይ ክር እየመዘዙ፣ የድሮውን የኪስ አፍ በመርፌ መልሰው ይሸምኑታል። በግራ በኩል አዲስ ኪስ ይከፍታሉ። የድሮውን የቁልፍ ቀዳዳ ሸምነው ቁልፉን ከላዩ ይሰፉበታል፤ አዲሱን ቀዳዳ በሌላው ወገን ይከፍታሉ። ይህን ስሠራ ትንፋሼን ይዤ ነው፤ አንድ ክር ከተሳሳተ ደረቱ ላይ ጠባሳ ሆኖ ይታያል።

የጋሽ መኩሪያ ጉልበት ሲደክም ሱቁን ለእኔ ተዉልኝ፤ እሳቸው ከኋላ ባለችው ክፍል መኖር ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዤላቸው እየገባሁ የሠራሁትን እነግራቸዋለሁ፤ ይሰሙኛል፣ ይጠይቁኛል፣ ይቆጡኛል።

እንግዲህ የልብስ ዋጋ ሰማይ በነካበት በዚህ በቅርቡ ጊዜ፣ ሱቁን ከማስረከቤ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፣ ጋሽ ደምሴ የመጡት። የጭነት መኪና ሹፌር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አስኮ የሚኖሩ፣ ሚስታቸው ሞተውባቸው አንድ ሴት ልጅ ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ከፌስታል ውስጥ ሰማያዊ የሱፍ ኮት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ብርቄ፣ ይህ ኮት ሰው ፊት ያቀርበኛል?»

«እውነቱን ልንገርዎት?»

«እሱን ብዬ አይደል እንዴ የመጣሁት!»

«ዘበኛ ያስመስልዎታል።»

ሳቁ። ሲስቁ ግን ዓይናቸው ከኮቱ ላይ አልተነሣም። ትከሻው ነጥቷል፣ ክርኑ ያብለጨልጫል። «የልጄ እናት ናት የገዛችልኝ» አሉ። «ልጄ ማርታ ልትዳር ነው። ይህን ካልለበስኩ ሌላ አለብስም።» ኮሌታውን ገልጬ ውስጡን አሳየኋቸው፤ ሰማያዊው እንዳለ ነው። «ይገለበጣል» አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ጨበጡኝ።

በማግሥቱ ማርታ ብቻዋን መጣች። በሩን ዘግታ ነው የገባችው።

«እትዬ ብርቄ፣ አባዬ እዚህ መምጣቴን እንዳይሰማ።»

«ምን ሆነሻል?»

«የእጮኛዬ ቤተሰቦች ሀብታም ናቸው። ለአባዬ ሙሉ ልብስ እንግዛለት ብለው ላኩበት። ተናደደ። 'ልጄን ልድር እንጂ ልለብስ አልወጣሁም' ብሎ መለሰባቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሠርጉ አያወራም። ትናንት ደግሞ 'ኮቱ ካላማረ አክስትሽ ትመርቅሻለች፣ እኔን አሞታል በይ' አለኝ።» ማልቀስ ጀመረች። «ይህን ጋብቻ አልወደደውም እያልኩ ነው የማድረው። አይመጣም እትዬ። ኮቱ ካላማረ አይመጣም።»

በሉ እንግዲህ! ኮት ልገልብጥ ቁጭ ባልኩ የሰው ቤት በጄ ገባ። ምን ልበላት? «ያምራል። ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ» አልኳት። ከሄደች በኋላ ምላጭ አንሥቼ ኮቱን መፍታት ጀመርኩ።

ያን ሰሞን ምንም ነገር እሺ አላለኝም። ዝናቡ አላባራ ብሎ የታጠበው ጨርቅ አልደርቅ አለ። መብራት ይጠፋል፣ ካውያው መሃል ላይ ይቀዘቅዛል። ስፈታው ደግሞ ጠርዙ ከእርጅና ብዛት ተበጣጥሶ አገኘሁት፤ መርፌ የማይቋቋም ሆኗል። ስለዚህ አዲሱን ስፌት ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ፣ ጤነኛው ጨርቅ ላይ ሰፋሁት። ከሁሉ የጨረሰኝ ኪሱ ነው። በር ላይ፣ ብርሃን ፊት ተቀምጬ ክር እየመዘዝኩ ሸመንኩት። ዓይኔ እንባ ያቀራል፣ እጠርገዋለሁ፣ እቀጥላለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ አልመልስም፤ ተቀይመሻል ወይ ያሉኝ ጎረቤቶች ነበሩ። ሲያልቅ በጣቴ ዳሰስኩት። የድሮው ኪስ የት እንደነበረ እኔው ራሴ ማወቅ አቃተኝ። አቤት ደስታዬ!

ዓርብ ጋሽ ደምሴ መጥተው ለኩት። መስታወቱ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ሲገዛልኝ እንዲህ ነበር» አሉ እጅጌውን እየዳበሱ። እኔ ደረታቸውን ብቻ ነበር የማየው፣ ኪሴን! ወዲያው ስልካቸው ጮኸ፤ ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ናቸው፣ ቦታ አሳዩን እያሉ ነው። ኮቱን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

የሠርጉ ዕለት፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሻይ ይዤ ጋሽ መኩሪያ ጋ ገባሁ። ከሠርጉ በፊት ልንገራቸው ብዬ ነው። የኪሱን አሸማመን፣ የቁልፎቹን ነገር፣ ስፌቱን ወደ ውስጥ እንዳስገባሁት፣ ሁሉንም በኩራት አወራሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ ሲኒውን አስቀመጡ።

«ወደ ውስጥ ካስገባሽው ጀርባው ጠብቧል» አሉ።

«ትንሽ ነው።»

«የሙሽራዋ አባት ናቸው አላልሽም? ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ሲስሙ ጎንበስ ብለው ያነሷቸዋል። አስጎንብሰሽ አይተሻቸዋል?»

ሲኒውን ላነሣ እጄን ዘረጋሁ።

«ብርቄ! መርቀውበት አይተሻል ወይ?»

አላየሁም። ያን ሁሉ ዓመት ሹፌሩን መሪ ያስያዝኩ፣ እናቲቱን ትራስ ያሳቀፍኩ ሴትዮ፣ የሙሽራዋን አባት እንደ ሐውልት አቁሜ ነው የለካኋቸው። ኪሴ ላይ ዓይኔ ተተክሎ! ጋሽ መኩሪያ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ጀርባው ላይ ካልተለቀቀ ይተረተራል። ሂጂ» አሉኝ ብቻ።

መርፌ፣ ክርና ምላጭ በቦርሳዬ ይዤ ሮጥኩ። ፌርማታው ጢም ብሏል፤ እሑድ ነው፣ ሁሉም ሠርግ ሂያጅ ነው። አንዱ ታክሲ «አስኮ፣ አስኮ!» ብሎ ሲቆም እንደ ጎረምሳ ተጋፍቼ ገባሁ። ወያላው «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ አስኮ አይሸሽም!» አለኝ። «አንተ ዝም ብለህ በሩን ዝጋ!» አልኩት። መንገዱ ላይ የሠርግ መኪና ተሰልፎ ጥሩምባውን ያምባርቃል። ይህ የማርታ ሙሽራ ቢሆንስ? ከኛ ቀድሞ ቢደርስስ? ሹፌሩን በልመና ገደልኩት፤ «እናቴ፣ ክንፍ የለኝም» አለኝ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ስጮህ ታክሲው ገና አልቆመም ነበር።

ድንኳኑ ደጃፍ በአበባ ያጌጠች መኪና ቆማለች። ቀድመውኛል። በጓዳ በር ገብቼ የጋሽ ደምሴን እህት እጇን ያዝኳት።

«ጋሽ ደምሴን ለአፍታ ወደዚህ ጥሪልኝ።»

«አሁን? ሙሽራው ገብቶ? ምን ነካሽ?»

«ኮቱ ይተረተራል!»

«በእማምላክ ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል» ብላ አፌን በእጇ ከደነችኝ።

በመጋረጃው ክፍተት ሳሎኑን አየሁ። ጋሽ ደምሴ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ኮቱ አምሮባቸዋል፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ከፊታቸው የሙሽራው እናትና አባት፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ካሜራ የያዘው ልጅ። መጀመሪያ ሙሽራው ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። ሊያነሡት ክንዳቸውን ዘርጋ ሲያደርጉ ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ከጎን ሆኜ አየሁት፤ ብብታቸው ሥር አንድ ክር ተበጠሰ። ክንዳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ ትከሻውን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው «ተነሥ ልጄ» አሉት። ተነሣ።

ከዚያ ማርታ በቬሎዋ ተንበረከከች። ሁለቱንም ጉልበታቸውን ስማ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። አባት ጎንበስ ብሎ ሊያነሣት፣ ሊስማት ነው የምትጠብቀው። ጋሽ ደምሴ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጣብቆ ቀረ። «ውለጂ፣ ክበጂ» አሉ በደረቁ። «አሜን» ተባለ። አልተንቀሳቀሱም። ማርታም አልተነሣችም። ካሜራ የያዘው ልጅ ጠጋ አለ። የሙሽራው እናት ባሏን አየችው፣ እሱ መሬት መሬት አየ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባዬ...» አለች ማርታ፤ ድምፅዋ የሕፃን ነበር። ሌላው ሰው ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ እኔ ግን ሱቄ ውስጥ አልቅሳ የነገረችኝን አውቃለሁ። አባቷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጋብቻዋን እምቢ ያሏት መስሏታል። እሳቸው ደግሞ ኮቱን እያዳኑ ነው! ሚስታቸው የገዙላቸውን፣ እኔ በዓይኔ ብርሃን የሸመንኩትን ኮት። ላብ ከግንባራቸው ይወርዳል።

ያኔ ምን እንደሆንኩ እንጃ። የእህትየዋን እጅ ከአፌ ላይ አላቅቄ መጋረጃውን ገለጥኩት።

«ይቀደድ!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሽ ደምሴ፣ በማርያም ይቀደድ! ልጅቷን ያንሷት! እኔ እሰፋዋለሁ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። እሳቸውም ዓይናቸውን ወደ እኔ አነሡ። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ እጅጌያቸውን አንዴ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉትና ጎንበስ አሉ፣ በሁለት ክንዳቸው ማርታን ከነቬሎዋ አቀፏት። ጨርቁ ጠርርር ብሎ ከኮሌታው ሥር እስከ ወገባቸው ተተረተረ። የዚያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አሁንም አለ። ልጅቷን ብድግ አድርገው አንገቷ ሥር ገብተው ሳሟት፤ እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው «የኔ ልጅ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ። እህትየዋ ከኋላዬ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ቤቱ ተቀበላት።

ጋሽ ደምሴ ወደ ጓዳ ሲመጡ መርፌዬ ውስጥ ክር አስገብቼ ጠበቅኳቸው። ዓይናቸውን ለማየት አፈርኩ። «ጋሽ ደምሴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያውልቁት፣ ወዲያው እይዘዋለሁ፤ ሰው ሳያየው...»

«ሰው አየው እኮ» አሉኝ። ፊታቸው እንባ በእንባ ነው፣ ይስቃሉ። «ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሼን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። አሁን ተነፈስኩ፣ ተዪኝ።»

«እንዴ! ጀርባዎ ክፍት ሆኖ? የሙሽራው ወገን ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል።»

ከውጭ ሚዜዎቹ «ሙሽራ ይውጣ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ከበሮው ተጀምሯል። ጋሽ ደምሴ ከእጄ አመለጡና ወጡ። ተከትዬ ከበር ላይ አየኋቸው፤ ደረቱ የማይነቀፍ፣ ጀርባው ለሁለት የተከፈለ ኮት ለብሰው፣ ነጭ ሸሚዛቸው በስንጥቁ እየታየ፣ ሁለት ክንዳቸውን እንደ ልባቸው ዘርግተው ከልጃቸው ፊት ይጨፍራሉ። የሙሽራው አባት መጥቶ ትከሻውን ከትከሻቸው ጋር ገጠመ። ማርታ በሙሽራው ክንድ ላይ ሆና ሳቋ ሊገድላት ነው። እኔም መርፌዬን ኮሌታዬ ላይ ሰካሁና ገባሁበት። እስክስታ አልችልም፤ ያን ቀን ግን ወረድኩት።